የመንደር ጎተራና የክረምት ረኀብ

ረኀብ ወደ መንደር የሚገባው ሰብል ሲጠፋ ብቻ አይደለም። መልካም መኸር በገባበት ዓመትም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ቤት አለ። ይህም የሚሆነው በታኅሣሥና በጥር ለዕዳ፥ ለግብርና ለልብስ ሲባል የሁሉም እህል በአንድ ጊዜ ገበያ ስለሚወጣና ዋጋው ስለሚወድቅ ነው። በክረምት ያው እህል በውድ ይገዛል። ገንዘብ ያጣ ዘሩን ይበላል፤ አለዚያም በሬውን ይሸጣል። ዘርና በሬ ከሄዱ ደግሞ የሚመጣውም ዓመት አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ለዚህ ችግር ጎረቤታሞች ተባብረው የጋራ ጎተራ ሊያቋቁሙ ይችላሉ። ለምሳሌ 40 አባወራዎችና እማወራዎች በመኸር እያንዳንዳቸው 1 ኩንታል ቢያዋጡ 40 ኩንታል ይሆናል። በክረምት 100 ኪሎ የተበደረ በጥር 110 ኪሎ ቢመልስ፥ 40ው ኩንታል ሁሉ በብድር ወጥቶ ሲመለስ 44 ኩንታል ይሆናል። ጭማሪው ለብክነትና ለጥበቃ ይውላል። ብድሩ የሚመለሰው በእህል ይሁን፤ ዋጋ ይለዋወጣል፥ ኩንታል ግን ያው ኩንታል ነው።

እንዲህ ያለውን ጎተራ ከሁሉ ይልቅ የሚያፈርሱት ያልተመለሰ ብድርና ነቀዝ ናቸው። ስለዚህ የሚከተለውን ጠብቁ።

1ኛ. እህሉ ደረቅ ይሁን። በደረቅ ጠርሙስ እስከ ሲሶው እህል ጨምሩ፤ ጥቂት ማንኪያ ደረቅ ጨው አክላችሁ ደኅና አድርጋችሁ ነቅንቁና ለ15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ እርጥብ ስለ ሆነ እንደገና ይሰጣ። እርጥብ እህል ይሻግታል፤ የሻገተ በቆሎም ለሰውም ለከብትም መርዝ ሊሆን ይችላል።

2ኛ. በቆሎና ማሽላ ነቀዝ ስለሚበላቸው አስቀድመው ይውጡ። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ እርሱ ለመጨረሻ ይቆይ። አየር የማያስገባ ባለ 3 ድርብ ከረጢት ከተገኘ፥ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዙ ያለ መድኀኒት ታፍኖ ይሞታል።

3ኛ. ጎተራው 3 ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹንም 3 የተለያዩ ሰዎች ይያዙ፤ ከእነርሱ አንዷ ሴት ትሁን። ገቢና ወጪው በእድር ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሰብል ለሁሉም ሲጠፋ ብድሩ ወደሚቀጥለው መኸር ይተላለፍ፤ ነገር ግን አይሰረዝ።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ የጨውን ሙከራ በዐውድማው ላይ አሳዩ፤ በመዝገብ አያያዝ እርዱ፤ ቁልፍ ግን አትያዙ። መንደሩ ሲጠነክር በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት በኅብረት ሥራ ማኅበርነት ሊመዘገብ ይችላል።

እንደ 1977 ዓ.ም. ያለውን ድርቅ የአንድ መንደር ጎተራ ብቻውን አይመክትም። በየዓመቱ በክረምት የሚሸጠውን በሬና የሚበላውን ዘር ግን ሊያስቀር ይችላል። እንግዲህ እህሉ ከዐውድማ ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት ተሰብስባችሁ ተማከሩ።