ስሱን ቱቦ አውርዶ ጊዛውን ስለ መመለስ

በነጭ ዓባይ ዳር የተቈረቈረችው ጁባ፥ ደቡብ ሱዳን እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ የሪፑብሊኩ ርእሰ ከተማ ናት። እንጀራ ፍለጋ የተሻገሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩባታል። በመንገዶቿ ላይ እጅግ ከሚታዩት መኪናዎች አንዱ የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነው። ወደ ኒሙሌ የሚወስደው 192 ኪሎ ሜትር ጐዳና በ2012 አስፋልት ለብሶ ቢጠናቀቅም፥ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ ሰው የሚያገኘው በበጋ አቧራ፥ በዝናሙ ወራት ጭቃና ጐርፍ ነው። እንዲህ ባለው ስፍራ መኪናን የሚፈትነው ፍጥነት ሳይሆን ሙቀት፥ መንቀጥቀጥና ውሃ ነው።

ፋብሪካው ሞተሩን ሲሠራ፥ ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን የተቃጠለ ጋዝ ሰብስቦ ወደ ማርሚታ የሚሰድ፥ ከጊዛ የፈሰሰ ወፍራም ዕቃ ያደርግለታል፤ መካኒኮች ማኒፎልድ ይሉታል። አንዳንድ ባለ መኪናዎች ይህን አስወልቀው፥ ለየሲሊንደሩ የተለየ ቱቦ ያለውን ከስስ ብረት የተበየደ ዕቃ ከገበያ ገዝተው ያስገጥማሉ። ልማዱ ከእሽቅድምድም የመጣ ነው። ሐሳቡም ከንቱ አይደለም፤ የቱቦዎቹ ርዝመት በሚገባ ከተመጣጠነ የአንዱ ሲሊንደር ጭስ ሲወጣ የሚቀጥለውን ይስባል፥ ሞተሩም በቀላሉ ይተነፍሳል። ነገር ግን ጥቅሙ ጐልቶ የሚታየው ሞተሩ በኀይል ሲሽከረከር ነው። በሁለተኛ ማርሽ ጭቃ ለጭቃ ለሚጓዝ መኪና ምን ይረባዋል?

ጉዳቱ ግን ቶሎ ይታያል። የቱቦው ውፍረት ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የቤንዚን ሞተር ከባድ ሥራ ሲሠራ ደግሞ የጭሱ ሙቀት ከ800 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ግለት ላይ ያለ ስስ ብረት የጐርፍ ውሃ በድንገት ሲረጨው ይጣመማል፥ ብየዳው ይሰነጠቃል፥ ዝገቱም ይበላዋል። በዚያ ላይ ሙቀቱ በአጠገቡ ላሉት ለሞተሪኖውና ለነዳጁ መሥመር ይተርፋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ስንጥቁ የሚያወጣው ጋዝ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኀይል ነው። አቧራውን ሸሽቶ መስኮቱን ዘግቶ የሚነዳ ሹፌር ራሱን ሲያመውና ሲያቅለሸልሸው የፀሐዩ ሐሩር ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ «ቲክ ቲክ» የሚለውን የሞተር ድምፅ እንደ ጌጥ መቍጠር አይገባም።

ጊዛውን መመለስ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ያገለገለ ማኒፎልድ የገዛ ሰው አስቀድሞ ላምባ ቀብቶ፥ በጨርቅ ወልውሎ፥ ጠመኔ ይንፋበት፤ ስንጥቅ ካለ ላምባው ወደ ጠመኔው ወጥቶ መሥመሩን ያሳያል። የተሰነጠቀ ጊዛ እንደ ተራ ብረት አይበየድም፤ አስቀድሞ መሞቅ፥ በኋላም ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት፥ ያለዚያ በብየዳው ጠርዝ እንደ ገና ይከፈታል። የፊቱም መቅናት በቀጥ ያለ ብረት ይለካል፤ ከተጣመመ ወደ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስተካከል እንጂ ጓርኒሲዮን ደራርቦ ማጥበቅ ዋጋ የለውም።

አሮጌዎቹን ብሎኖች ከአንድ ቀን በፊት ዘይት ማጠጣትና ሞተሩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አለመንካት ይበጃል። ብሎኑ በቴስታታው ውስጥ ከተሰበረ የሁለት ሰዓት ሥራ የሁለት ቀን ይሆናልና። ወደ ማርሚታው የሚወርደውም ቱቦ እንደ ገና መሠራት አለበት፤ የስሱ ዕቃ መጨረሻ ከጊዛው አፍ ጋር አይገጥምምና። ይህን ወጪ አስቀድሞ የሚያስብ ባለ መኪና ጥቂት ነው።

በአሮጌው ባለ 4.2 ሊትር የቤንዚን ላንድ ክሩዘር ላይ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው እርስ በርሳቸው ይታሰራሉ። ሁለቱን የሚያያይዙት ብሎኖች መጀመሪያ ላላ ተደርገው ይቈዩ፤ ሁለቱም በአዲስ ጓርኒሲዮን ከቴስታታው ጋር ከመካከል ወደ ዳር በተራ ከጠበቁ በኋላ እነርሱ ይጠበቁ። ይህ ሥርዓት ቢዘነጋ ጊዛው ሲግል መፈናፈኛ አጥቶ ይሰነጠቃል። ሞተሩ ሞቆ እንደ ገና ከቀዘቀዘ በኋላ ብሎኖቹ ሁሉ ሁለተኛ ይፈተሻሉ፤ ከጥቂት ቀን ጕዞ በኋላም ሦስተኛ ጊዜ።