ፍላሻችን ለምን በድንገት ይከዳናል?

ለጋዜጠኝነት ተማሪ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ እንደ ማስታወሻ ደብተር ናቸው። ቃለ መጠይቁም፣ ፎቶውም እዚያው ነው የሚቀመጠው። ትናንት ሲሠራ የነበረ ፍላሽ ዛሬ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቀን ታዲያ ብዙዎቻችን በቫይረስ እናሳብባለን። ቫይረስ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሳያስወጡ መንቀልም እንዲሁ። ይህ ጽሑፍ ግን ከፍላሹ ከራሱ ስለሚመጣው ችግር ነው።

ፍላሽ ሚሞሪን የፈጠሩት የጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ሲሆኑ፣ ሥራቸውን ለባለሙያዎች ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በፍላሽ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያጠራቅሙ ሴል የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። ሴሉን እንደ ብርጭቆ እንየው። በመጀመሪያ ብርጭቆው ወይ ባዶ ወይ ሙሉ ነበር፤ አንድ ሴል አንድ ቢት ይይዛል ማለት ነው። ኋላ ላይ አምራቾች በዚያው ብርጭቆ አራት ደረጃ ለይተው ሁለት ቢት አስቀመጡበት። ስምንት ደረጃ ሦስት ቢት፣ አሥራ ስድስት ደረጃ ደግሞ አራት ቢት ይይዛል። ፍላሽ እየረከሰ ብዙ መያዝ የቻለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ዓይነት ነው። ደረጃው ሲበዛ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይጠባል። ጥቂት ኤሌክትሮን ካፈተለከ ሦስተኛው ደረጃ ሁለተኛ ተብሎ ይነበባል። በተጻፈና በተሰረዘ ቁጥር ሴሉ ያረጃል፤ ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል። ባለ አንድ ቢቱ ሴል በግምት 100,000 ጊዜ መጻፍና መሰረዝ ሲችል፣ ባለ ሁለት ቢቱ ከ3,000 እስከ 10,000 ጊዜ ነው። ከዚያ በላይ ቢት የሚይዙት ከዚህም ያንሳሉ።

ታዲያ ፋይላችን እንዴት በትክክል ይነበባል? በስህተት ማረሚያ ኮድ ነው። የዚህ ዘዴ ፈር ቀዳጅ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ሃሚንግ ሲሆኑ፣ ሥራቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ሐሳቡ እንዴት መሰላችሁ? 16 ዜሮና አንዶችን በ4 ረድፍና በ4 ዓምድ ደርድሩ። በየረድፉና በየዓምዱ መጨረሻ የአንዶቹ ብዛት ለሁለት እንዲካፈል የሚያደርግ አንድ ምልክት ጨምሩ። አንድ ቢት ቢቀየር አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ይዛባሉ፤ ጥፋተኛው ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ያለው ነው። በአንድ ረድፍ ሁለት ቢት ከተቀየሩ ግን ስህተት መኖሩ ይታወቃል እንጂ የትኛው ረድፍ እንደሆነ አይታወቅም። በፍላሽ ውስጥ የሚሠሩት ኮዶች ከዚህ እጅግ የረቀቁ ናቸው፤ ሆኖም እነሱም ወሰን አላቸው።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ፍላሹ ስህተቱን ውስጥ ውስጡን ያርማል እንጂ ለእኛ አይነግረንም። ስለዚህ እስከ መጨረሻዋ ቀን ጤነኛ ይመስላል። ስህተቱ ከወሰኑ ያለፈ ዕለት ግን ፋይሉ አልነበብም ይላል።

ይህ ለኛ ሙያ ቀላል ነገር አይደለም። ያነጋገርነው ሰው ነገ «እንዲህ አላልኩም» ቢል ማስረጃችን ድምፁ ነው። ስለዚህ የቀዳችሁትን በዚያው ቀን ወደ ኮምፒውተርና ወደ ሌላ ሁለተኛ ቦታ ገልብጡ፤ ፍላሹንም መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት አትርሱት። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል እንዲህ ነው።