የትራክተር የፊት ጎማ በአንድ ወገን ብቻ ለምን ያልቃል?

በ2015 ዓ.ም. የስንዴ ዘር ወቅት፣ በአርሲ የሚገኝ አንድ የገበሬ ማህበር ትራክተሩን በግቢው አቁሞ ለስብሰባ ተቀምጦ ነበር። የቀረበውም ጉዳይ፣ ከተገዙ ገና ዓመት ያልሞላቸው ሁለት የፊት ጎማዎች አልቀው መገኘታቸው ነው። «ሾፌሩ አዲሱን ሸጦ አሮጌ ገጥሞበታል» የሚሉ አባላት ስለበዙ፣ ሾፌሩ ከሥራው ሊሰናበት ጥቂት ቀርቶት ነበር። ይሁን እንጂ አንድ አዛውንት መካኒክ ጎማዎቹን በእጃቸው ዳሰው፣ የሁለቱም የውጭ ጠርዝ ተልጦ የውስጡ ግን እንደ አዲስ መሆኑን ለተሰብሳቢው አሳዩ። የፊት እግሮቹ ስፋት ለበቆሎ መደዳ ሲለወጥ፣ የመሪው ዘንጎች በልኩ አልተስተካከሉም ኖሯል።

በጋራዥ አላይመንት የሚባለው የጎማ አሰላለፍ ለገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ተጠምደው አንዱ ወደ ውስጥ ሲገፋ ሌላው ሲታገለው፣ ትልሙ ይጣመማል፣ አንገታቸውም ይላጣል። ጎማም እንዲሁ ነው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች አፍንጫቸውን ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ካዞሩ የውጭ ጠርዛቸው ያልቃል፤ ወደ ውጭ ከከፈቱ ደግሞ የውስጡ።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ያስደነግጣል። የጎማው ቁመት 75 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ጎማዎቹ ከፊት በኩል ከተገቢው በላይ 12 ሚሊ ሜትር ቢጠብቡ፣ እያንዳንዱ ጎማ 1 ኪሎ ሜትር በሄደ ቁጥር 8 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተጎተተ ይፋቃል። ማሳው 10 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ በደርሶ መልስ 160 ሜትር መሆኑ ነው። በዚህ ሁሉ የሚባክነው ነዳጅም የአባላቱ ገንዘብ ነው። ተጎታች ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ መሪው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነማ ጉዳዩ የጎማ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ይሆናል።

ልኩን ለማወቅ ጠመኔና ሜትር ይበቃሉ። ትራክተሩን በደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ የጎማዎቹን ነፋስ አስተካክሎ፣ መሪውን ቀጥ ማድረግ ይገባል። ከዚያም በሁለቱ ጎማዎች የፊት ገጽ፣ በእምብርታቸው ከፍታ ልክ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጎ በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት መለካት ነው። ቀጥሎ ጎማዎቹ ግማሽ ዙር እንዲዞሩ ትራክተሩን ወደፊት ማስኬድ፤ ምልክቶቹ ከኋላ በኩል በዚያው ከፍታ ሲደርሱ እንደገና መለካት። በብዙ ትራክተሮች የፊቱ ርቀት ከኋላው በጥቂት ሚሊ ሜትር መጥበብ አለበት፤ ትክክለኛው ልክ ከትራክተሩ ጋር በሚመጣው መጽሐፍ ተጽፏል። መጽሐፉ በሊቀመንበሩ ቤት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት የሚኖር ማህበር ብዙ ስለሆነ፣ ለሾፌሩ ቢሰጥ ይበጃል።

ልኩ ተዛብቶ ከተገኘ ወዲያው ዘንግ ማጠማዘዝ አይገባም። በቅድሚያ የፊቱን እግር በክሪክ አንስቶ ጎማውን በእጅ መነቅነቅ ያስፈልጋል። ኩሽኔታው ወይም የዘንጉ መጋጠሚያ ከላላ፣ ዛሬ የተስተካከለው ነገ ይዛባልና መጀመሪያ እርሱ ይለወጥ። ከዚያ በኋላ የዘንጉን ማሰሪያ ዳዶ አላልቶ ማርዘም ወይም ማሳጠር ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ዘንግ ያለው ትራክተር ከሆነ ሁለቱንም በእኩል መጠን መንካት ያስፈልጋል። ዳዶው ጠብቆ ትራክተሩ ጥቂት ከተንቀሳቀሰ በኋላ እንደገና ይለካል። የፊት እግር ስፋት በተለወጠ ቁጥርም ይኸው ሥራ ይደገማል።

የጎማ ማለቅ ሁሉ ግን ከአሰላለፍ አይመጣም። መካከሉ ብቻ ያለቀ ጎማ ነፋሱ በዝቶበታል፤ ሁለቱ ጠርዞቹ አልቀው መካከሉ የቀረ ደግሞ ነፋስ አንሶታል።

የዚያ ማህበር ሾፌር በሥራው ላይ ቆየ። ጎማዎቹንም ጎሚስታው ከቸርኬው አውጥቶ፣ ያለቀው ጠርዝ ወደ ውስጥ እንዲሆን ገልብጦ ገጠማቸው፤ ዘንጎቹም ተስተካክለው ዘሩ በእነዚያው ጎማዎች ተዘራ።