«ፒንግ ይሠራል» ማለት መስመሩ ይሠራል ማለት ነውን?



የዛሬው ንግግሬ የተራራቁ ቢሮዎችንና ካምፓሶችን ስለሚያገናኘው ሰፊ ክልል አውታረ መረብ፣ በተለይም በመስመሩ ሁለት ጫፎች ስለሚቀመጡት ራውተሮች አወቃቀርና የብልሽት ፍተሻ ነው። በትርጓሜ ከመጀመር ይልቅ እኔው ራሴ በሠራሁት ስሕተት መጀመርን መርጫለሁ።

ከዓመታት በፊት በአንድ የትምህርት ተቋም ውስጥ የአውታረ መረብ ኃላፊ ነበርሁ። ዋናውን ግቢና ርቆ የሚገኘውን ቅርንጫፍ የሚያገናኘው በሁለት ራውተሮች መካከል የተዘረጋ፣ ጂአርኢ የሚባል ታነል ነበር። በምዝገባ ሳምንት ከቅርንጫፉ አቤቱታ መጣ። የመግቢያው ገጽ ይከፈታል፤ የይለፍ ቃሉን ይቀበላል፤ የተማሪ ፎቶግራፍ እንኳ ወደ ዋናው ግቢ ያለ ችግር ይላካል። የተማሪዎቹ ዝርዝር ሲጠየቅ ግን ገጹ ባዶውን ይቀራል። ከገጠር የመጡ ተማሪዎች የአልጋ እየከፈሉ ይጠብቁ ጀመር። የቅርንጫፉ ወጣት ባለሙያ በየዕለቱ ይደውልልኛል፤ እኔም ፒንግ ልኬ መልሱ ሲመጣልኝ «መስመሩ ደኅና ነው፤ ኮምፒዩተሮቻችሁን ተመልከቱ» እለው ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ የእኔን ቃል መሠረት በማድረግ፣ ለዚህ ወጣት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው የሚል ሐሳብ ቀረበ። ያን ጊዜ ነው ደንግጬ ፍተሻውን ከሥሩ የጀመርሁት።

የራውተር ፍተሻ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። በመጀመሪያ ገመዱና ወደቡ ይታያሉ። ወደቡ በርቶ ሳለ በላዩ የሚሄደው ፕሮቶኮል ወድቆ ከተገኘ፣ ገመዱ ጤነኛ ነው፤ የማይግባቡት ሁለቱ ጫፎች ናቸው ማለት ነው። በቀድሞዎቹ ሲሪያል መስመሮች ይህ ዘወትር የሚደርሰው አንዱ ጫፍ በፒፒፒ፣ ሌላው በኤችዲኤልሲ ሲዋቀር፣ ወይም መስመሩ የሚመራበት የሰዓት ምት ሲጠፋ ነው። ቀጥሎ የአይፒ አድራሻውና የንዑስ መረቡ ልክ ይመረመራሉ። ከዚያም የመንገድ ሰንጠረዡ ይነበባል፤ እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች የሚዘነጉት የመልስ መንገድ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። መልእክት ደርሶ መልሱ መንገድ ቢያጣ፣ ለላኪው ጨርሶ እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

እኔ ይህን ሁሉ ፈተሽሁ፤ ሁሉም ትክክል ነበር። ያልፈተሽሁት አንድ ነገር ቀረ፤ እርሱም የፓኬቱ መጠን ነው።

በኢተርኔት ላይ አንድ የአይፒ ፓኬት በተለመደው ልክ እስከ 1500 ባይት ይይዛል። ይህ ጣሪያ ኤምቲዩ ይባላል። ጂአርኢ ታነል እያንዳንዱን ፓኬት በሌላ ፓኬት ውስጥ ስለሚከተው 20 ባይት አዲስ የአይፒ ራስጌና 4 ባይት የራሱን ራስጌ ይጨምራል። ስለዚህ ለዋናው ፓኬት የሚቀረው 1476 ባይት ብቻ ነው። ሁለት ጆንያ የጫነች አህያ በሰፊው መንገድ መጥታ ጠባብ በር ላይ እንደምትቆም፣ 1500 ባይት የሆነ ፓኬትም ታነሉ አፍ ላይ ይቆማል።

ራውተሩ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ፓኬቱ መከፋፈል የተፈቀደለት ከሆነ ከፋፍሎ ያሳልፈዋል። «አትከፋፍሉኝ» የሚል ምልክት ካለበት ግን ይጥለውና ለላኪው «በሩ ይህን ያህል ነው፤ ጭነትህን ቀንስ» የሚል የአይሲኤምፒ መልእክት ይልካል፤ ዓይነቱ 3፣ ኮዱ 4 ነው። ላኪው ይህን ሰምቶ ልኩን ያስተካክላል። ጄፍሪ ሞጉልና ስቲቭ ዲሪንግ በ1990 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 1191 በተባለው ሰነድ የደነገጉት ይህንን ሥርዓት ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች የቲሲፒ ፓኬቶቻቸውን የሚልኩት በዚሁ ምልክት ነው።

እንግዲህ ስሕተቴን ልናገር። ከጥቂት ወራት በፊት ለደኅንነት ብዬ በራውተሩና በሰርቨሮቹ መካከል ባለው ፋየርዎል ላይ «የፒንግ ጥያቄና መልስ ይለፍ፤ ሌላው አይሲኤምፒ በሙሉ ይታገድ» የሚል ደንብ ጽፌ ነበር። ሰርቨሩ ትልልቅ ፓኬት ይልካል፤ ራውተሩ ጥሎ ማሳሰቢያ ይጽፋል፤ ማሳሰቢያውን የእኔ ፋየርዎል ይውጠዋል። ሰርቨሩ ምንም ስላልሰማ ያንኑ ፓኬት ደግሞ ደጋግሞ ይልካል። በሰርቨሩ ላይ የፓኬት ፍሰቱን ስቀዳ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ አንዱ ፓኬት እየዘገየ እየዘገየ ይመላለሳል። ባለሙያዎች ይህን «ጥቁር ጉድጓድ» ይሉታል።

ምልክቶቹም አሁን ተገለጡልኝ። የመግቢያው ገጽ ትንሽ ስለሆነ ያልፋል። ፎቶግራፉ የሚነሣው ከቅርንጫፉ በመሆኑ ማሳሰቢያውን የሚጽፈው የቅርንጫፉ ራውተር ነው፤ በዚያ በኩል የሚያግድ ፋየርዎል ስላልነበረ ኮምፒዩተሩ ሰምቶ ልኩን ይቀንሳል። የእኔ ፒንግ ደግሞ ጥቂት ባይት ብቻ ነበር፤ ማለፉም በራሴ ደንብ የተፈቀደ ነው። የምለካበት መሣሪያ ሕመሙ ያልነካው ብቸኛው ነገር ሆኖ ተገኘ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከሰርቨሮቹ አጠገብ ሆኜ፣ እንዳይከፋፈል ምልክት አድርጌ፣ 1472 ባይት የሚጭን ፒንግ ላክሁ። 28 ባይት ራስጌ ሲጨመርበት 1500 ይሆናል፤ መልስ የለም። ወደ 1448 ዝቅ ሳደርገው መልሱ መጣ፤ ከራስጌው ጋር በትክክል 1476 ነውና። 1449 ስሞክር ደግሞ ዝምታ ሆነ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያን የአይሲኤምፒ መልእክት በፋየርዎሉ አሳለፍሁ። ሁለተኛ፣ በታነሉ ወደብ ላይ የቲሲፒ ክፍልፋይ ጣሪያ 1436 እንዲሆን ራውተሩን አዋቀርሁ፤ ይኸውም ከ1476 ላይ 40 ባይት የአይፒና የቲሲፒ ራስጌ ተቀንሶ ነው። ሁለቱ ጫፎች ግንኙነት ሲጀምሩ ራውተሩ የሚስማሙበትን ልክ አስቀድሞ ያሳንስላቸዋል። ይህ ሁለተኛው ግን ለቲሲፒ ብቻ ስለሚረዳ የመጀመሪያውን አይተካም። መስመሩ ፒፒፒኦኢ ከሆነ ተጨማሪ 8 ባይት ይሄዳል፤ አይፒሴክ ከታከለበት ቅነሳው እንደ ምስጠራው ዓይነት ይለያያልና መለካት ይሻላል። በአይፒ ስሪት 6 ደግሞ በመንገድ ያሉ ራውተሮች ፓኬት ፈጽሞ አይከፋፍሉም፤ ስለዚህ በዚያ አይሲኤምፒን በጅምላ ማገድ የከፋ ጥፋት ያስከትላል።

ዝርዝሩ ቅርንጫፉ ውስጥ በተከፈተ ጊዜ ማስጠንቀቂያው እንዳይጻፍ አደረግሁ፤ ወጣቱንም ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱ ለካ በመጀመሪያው ቀን «ትንሹ ያልፋል፤ ትልቁ ይቀራል» ብሎኝ ነበር። ሙሉ ምርመራው በዚያች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን ፒንጉን አምኜ ሰውየውን ሳልሰማ ቀረሁ።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ የመሥሪያ ቤት መስመር በእጃችሁ ሲገባ፣ ተጠቃሚው የሚሠራውን ሥራ ራሳችሁ በእርሱ ወንበር ሆናችሁ ሳትሞክሩ «መስመሩ ደኅና ነው» አትበሉ። የጻፋችሁትን ደንብ ሁሉ ከቀኑና ከምክንያቱ ጋር መዝግቡ፤ ብልሽት ሲመጣም በመጀመሪያ የምትመረምሩት የራሳችሁን መዝገብ ይሁን።