ልባሱ የረገፈ ሽቦ

መርሰዲስ ዳብሊው 124 ጠንካራ መኪና ነው። ዘይቱ በወቅቱ ከተቀየረለት ሞተሩ ብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1995 ገደማ በተመረቱት ላይ ግን አንድ የታወቀ ሕመም አለ፤ የቤንዚን ሞተራቸው ዋየሪንግ ይረግፋል። መዳቡ ምንም አይሆንም፤ የሚያልቀው ልባሱ ነው። ፋብሪካው በእነዚያ ዓመታት የተጠቀመበት ልባስ የሞተሩን ሙቀት ለዓመታት አይችልም፤ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ኢንጀክተሮቹ አጠገብ ያለውን ጥቁር መሸፈኛ ሰብስቦ አንዱን ቀጭን ሽቦ በቀስታ ማጠፍ ነው። ጤነኛው ይተጣጠፋል። የታመመው እንደ እንቁላል ቅርፊት ይፈረፈርና መዳቡ ብቅ ይላል።

መዳብ ከመዳብ ሲነካካ ሚኒሞው ይዛባል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ መንገድ ላይም ድንገት ይጠፋል። ብዙ ባለመኪና በዚህ ጊዜ ካንዴላ ይቀይራል፣ ኢንጀክተር ያሳጥባል። ሕመሙ ግን ይቀጥላል፤ ሲብስም ኮምፒውተር ቦክሱን ያቃጥላል። እሱ ደግሞ ከዋየሪንጉ በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

በፕላስተር መጠቅለል መፍትሔ አይደለም። የታየው ቦታ ሲሸፈን ያልታየው በውስጥ መርገፉን ይቀጥላል። ዋየሪንጉ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። አዲሱን የሚገዛ ሰው የተሠራበትን ዓመት ይጠይቅ፤ ሳይገጠም መደርደሪያ ላይ የቆየ የዚያ ዘመን ዕቃ ያው ሕመም አለበት። እዚሁ የሚያሠራ ሙቀት የሚችል የመኪና ሽቦ ይምረጥ፤ ውፍረቱም ቀለሙም ከነባሩ ጋር አንድ ይሁን። አሮጌው ለልክ ስለሚያስፈልግ ሥራው እስኪያልቅ አይጣል።

ቀለም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። እጃችን የለመደው ቶዮታን ነው፤ እዚያ ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ሽቦ ኔጋቲቭ ነው። በጀርመን መኪና ኔጋቲቩ ቡናማ ነው፤ ጥቁሩ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ ሲከፈት ፖዘቲቭ የሚመጣበት ነው። ጥቁሩን ኔጋቲቭ ነው ብሎ ከሞተሩ ብረት ጋር ያሰረ ሰው ቁልፍ ሲከፍት ቢቀናው ፊውዝ ያቃጥላል፣ ካልቀናው አዲሱን ሽቦ። ስለዚህ ባትሪው ይፈታ፤ ከመንቀሉ በፊት ፎቶ ይነሳ፣ እያንዳንዱም ሶኬት ምልክት ይደረግበት።

ኤሌክትሮኒክ ስሮትል ባላቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ የስሮትሉ የራሱ ሽቦ ከዚያው ልባስ የተሠራ ነው። ዋየሪንጉ በተቀየረበት ቀን እሱም ተፈቶ ይታይ።