ተረትና እውነታ፦ የማሽ ኮሪያና የቃኘው ኮሪያ

«ማሽ» በኮሪያ ጦርነት ድንኳን ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ ሐኪሞችን ቀልድ የሚያሳይ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው። ኢትዮጵያም በዚያ ጦርነት ተዋግታለችና፣ ድራማውን ታሪክ አድርጎ የሚያይ ተመልካች አይጠፋም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተረት፦ የድራማው የጊዜ አካሄድ ልክ ነው።

እውነታ፦ ጦርነቱ ከጁን 1950 እስከ ጁላይ 1953 ድረስ 37 ወር ነው የፈጀው። ድራማው ግን ከ1972 እስከ 1983 11 ሲዝን ተላልፏል። ያን ሁሉ ታሪክ 37 ወር ውስጥ ማጨቅ ስለማይቻል ቀኑ ይምታታል። የሆስፒታሉ አዛዥ ኮሎኔል ፖተር ሥራ የጀመረው በሴፕቴምበር 1952 እንደሆነ በግልጽ ይነገራል። ከዓመታት በኋላ በተሠራ ክፍል ደግሞ የ1951ን አዲስ ዓመት ከባልደረቦቹ ጋር ሲቀበል እናየዋለን፤ ሊመደብ ገና ሃያ ወር ሲቀረው! ዋናው ገጸ ባሕርይ ሆክአይም ቤተሰቡን ይቀያይራል። መጀመሪያ እናትም እህትም አለው፤ በኋላ እናቱ በልጅነቱ ሞታ እሱም አንድያ ልጅ ሆኖ ይገኛል። አገሩ ሳይቀር ከቬርሞንት ወደ ሜይን ይዛወራል። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጥፋት አላየውም። ያኔ የጻፈው ሰው ድራማው አሥራ አንድ ዓመት ይዘልቃል ብሎ ከየት ያውቃል?

ተረት፦ የተቀረጸው ኮሪያ ነው።

እውነታ፦ ኮረብታዎቹ ካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ አጠገብ ናቸው። ተዋንያኑ በካሊፎርኒያ ሙቀት ወፍራም ካፖርት ደርበው ነው እንደበረዳቸው የሚንቀጠቀጡት። የጨንቻን ውርጭ አባያ ሐይቅ ዳር፣ በአርባ ምንጭ የቀትር ፀሐይ፣ የዶርዜ ቡሉኮ ተከናንቦ እንደመቅረጽ ነው። በ1982 ሰደድ እሳት የቀረጻውን ሰፈር ሲበላው፣ አዘጋጆቹ ቃጠሎውን የመጨረሻው ክፍል ታሪክ አደረጉት። ያን ክፍል ከ100 ሚሊዮን በላይ አሜሪካዊ ተመለከተው።

በድራማው የሚሰማው ሳቅም ቢሆን ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠ ሕዝብ ሳቅ አይደለም፤ ከቴፕ የተጨመረ ነው። አዘጋጆቹ ባይወዱትም ጣቢያው ጫነባቸው፤ ቢሆንም ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ሳቅ እንዳይገባ አስፈቅደዋል። በሌላ በኩል፣ ከሠራዊቱ ለመሰናበት ቀሚስ የሚለብሰው ክሊንገር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው የብረት መታወቂያ እውነተኛ ነው። ተዋናዩ ጄሚ ፋር ራሱ ወታደር ስለነበር የገዛ መታወቂያውን ነው ያደረገው።

ተረት፦ ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ጦር የላከችው ለስም ያህል ነው።

እውነታ፦ በሜይ 1951 ፑሳን የደረሰው የቃኘው ሻለቃ ከክብር ዘበኛ የተመለመለ ነበር። መጠሪያውም ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው፣ የተወሰደ ነው። ጦርነቱ እስኪያበቃ ሦስት ሻለቃዎች እየተተካኩ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋጉ። ከ120 በላይ ወታደሮች ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። አሜሪካዊው ወታደራዊ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በ1956 ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሌሊት ቅኝት የወጡትን ኢትዮጵያውያን ውጊያ ለብቻው ተርኮታል፤ ሟችም ቁስለኛም ጥለው እንደማይመለሱ መስክሮላቸዋል።