ሆርሞን የሌለው ሉፕ፦ አሠራሩ እና የሚነሱት ሸሪዓዊ ጥያቄዎች



ልጆችን አራርቆ ለመውለድ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች ውስጥ የሦስት ወሩ መርፌ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው እና የሚዋጠው ኪኒን በሆርሞን የሚሠሩ ናቸው። ሆርሞን ለማይስማማት እህት ለረጅም ጊዜ የሚያገለግለው ሌላው አማራጭ ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ባለ መዳብ ሉፕ ነው። ስለ እሱ በብዛት የሚነሱት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ጽንስ ያስወርዳል ወይ? ሶላትና ጾምስ እንዴት ይሆናል?

እንዴት ይሠራል?

ሉፑ መዳብ የተጠመጠመበት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ከመዳቡ የሚወጣው ንጥረ ነገር የወንዱን ዘር ያዳክማል፤ ከእንቁላል ጋር እንዳይገናኝም ያግደዋል። ስለዚህ ዋናው ሥራው እርግዝና እንዳይፈጠር መከላከል ነው እንጂ የተፈጠረን ጽንስ ማስወረድ አይደለም። በብዛት የታወቀው ዓይነት 380 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ያለው ሲሆን እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ተጠቃሚዎች የምታረግዘው ከአንድ ያነሰች ናት። ሲወጣ የመውለድ ችሎታ ወዲያው ይመለሳል። የምታጠባ እናትም ልትጠቀመው ትችላለች።

ዑለማዎች ምን ይላሉ?

ሶሐቦች በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ዐዝል ያደርጉ እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ብዙ ዑለማዎች ጊዜያዊ መከላከያን በዚሁ ለክተው ያዩታል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባዔ፣ ባልና ሚስት ተመካክረውና ተስማምተው፣ ጉዳት ሳይኖረው፣ ዘዴውም ሸሪዓ የፈቀደው ከሆነና በተፈጠረ ጽንስ ላይ ወሰን ማለፍ ከሌለበት ልጅን ለጊዜው ማዘግየት እንደሚቻል ወስኗል። ያለ አስገዳጅ ምክንያት ለዘለቄታው መምከን ግን አይፈቀድም።

የደሙ ጉዳይ

የዚህ ሉፕ ትልቁ ችግር በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሐይድን ማብዛቱ፣ ማርዘሙና ቁርጠት ማምጣቱ ነው። ይህ ከዒባዳ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አምስት ቀን የነበረው ሐይድ ስምንት ቀን ቢሆን፣ በሻፊዒይም በሐነፊይም መዝሀብ ያው ሐይድ ነው። የሐይድ ትልቁ ገደብ በሻፊዒይ 15 ቀን፣ በሐነፊይ 10 ቀን ነውና። ደሙ ከገደቡ ካለፈ ግን ኢስቲሓዷ አለ። ያኔ ሶላት አይተውም፤ እህት ትታጠባለች፣ ደሙን የሚይዝ ነገር ታደርጋለች፣ የሶላት ወቅት ሲገባ ውዱእ አድርጋ ትሰግዳለች፤ ትጾማለችም። «ሉፕ ስላለብኝ ነው» ብሎ ሶላትን ለሳምንታት መተው ትልቅ ኪሳራ ነው። የቀድሞ ልማድሽን ቀን ጽፈሽ ያዢ፤ ዓሊም ስትጠይቂ መልሱ የሚሰጠው በእሱ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ይህን ችግር ለመቀነስ አዳዲስ ሉፖች እየተሠሩ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የፈቀደው አንዱ 175 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ብቻ ያለው፣ በቀላሉ በሚተጣጠፍ ብረት የተሠራ ነው።

ከመወሰን በፊት

ምክንያቱ ያልታወቀ ደም፣ የማሕፀን ኢንፌክሽን ወይም የእርግዝና ጥርጣሬ ካለ ሉፕ አይገባም። የደም ማነስ ካለብሽም ለባለሙያዋ አስቀድመሽ ንገሪ። ሉፕ ከአባላዘር በሽታ አይከላከልም። የሰለጠነች ሴት ባለሙያ መጠየቅ መብትሽ ነው። ባሎችም ውሳኔውን ለሚስት ብቻ አትተዉት፤ መመካከሩ የሁለታችሁም ነው።

ወላሁ አዕለም።